የስኳር ሕመም የሚያመጣው የእግር ነርቭ ሕመም፦ ለታማሚውና ለቤተሰቡ የተዘጋጀ የአሠራር መመሪያ

ስኳር ሕመም ካለባቸው ሰዎች መካከል ግማሽ ያህሉ በሕይወት ዘመናቸው አንድ ዓይነት የነርቭ ጉዳት ያገኛቸዋል። በአብዛኞቹ ላይ ጉዳቱ የሚጀምረው ከእግር ጣቶች ጫፍ ሲሆን፣ ሌሊት ላይ ያቃጥላል፣ ይነዝራል፣ መርፌ እንደሚወጋ ይጠቀጥቃል፣ አንዳንዴም ጉንዳን የሚርመሰመስበት ያህል ይሰማል። ሰውን ሐኪም ቤት የሚያስኬደው ይህ ሕመም ነው። እግርን ለመቆረጥ የሚያደርሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሕመሙ ሳይሆን ከእርሱ ጋር ወይም ከእርሱ በኋላ የሚመጣው መደንዘዝ ነው፤ የደነዘዘ እግር ሚስማር ሲወጋው፣ ጫማ ሲልጠው፣ ፍም ሲያቃጥለው ባለቤቱን አይቀሰቅስምና። ስለዚህ ይህ መመሪያ ሁለት ሥራዎችን ጎን ለጎን ይዞ ይሄዳል፤ የሚያመውን ማስታገስና የማይሰማውን መጠበቅ። ከሁለቱ አንዱን ብቻ መያዝ ግማሽ ሕክምና ነው።

የመድኃኒት ስሞችና መጠኖች የተጠቀሱት ከሐኪምዎ ጋር በሚነጋገሩበት ጊዜ የሚባለውን እንዲከታተሉ እንጂ ራስዎ ከመድኃኒት ቤት ገዝተው እንዲጀምሩ አይደለም።

ጉዳቱ እንዴት ይደርሳል?

ለዓመታት ከፍ ብሎ የቆየ የደም ስኳር ነርቮችን በሁለት መንገድ ይጎዳል። በአንድ በኩል በነርቭ ሕዋሳት ውስጥ ያለውን የኬሚካል ሥርዓት እያዛባ ሕዋሳቱን ራሳቸውን ያዳክማል፤ በሌላ በኩል ለነርቮቹ ኦክስጅንና ምግብ የሚያደርሱትን ቀጫጭን የደም ሥሮች ያበላሻል። ከወገብ ተነሥቶ እግር ጣት የሚደርሰው ነርቭ አንድ ሜትር ገደማ ስለሚረዝም ቀድሞ የሚጎዳው የዚሁ ረጅም ነርቭ ጫፍ ነው። ሕመሙ በሁለቱም እግሮች ላይ በተመሳሳይ ሁኔታ የሚጀምረው፣ ካልሲ የሚሸፍነውን ቦታ ተከትሎ ቀስ በቀስ ወደ ላይ የሚወጣው፣ ጉልበት አካባቢ ሲደርስ ደግሞ የእጅ ጣቶችም መደንዘዝ የሚጀምሩት በዚህ ምክንያት ነው።

የተጎዳ ነርቭ ምንም ነገር ሳይነካው የሕመም መልእክት ወደ አንጎል ይልካል፤ የሞተ ነርቭ ደግሞ ምንም ነገር ቢነካው መልእክት አይልክም። በአንድ እግር ውስጥ ሁለቱም ዓይነት ነርቮች ጎን ለጎን ሊገኙ ስለሚችሉ፣ ሌሊት ብርድ ልብስ ሲነካው የሚያመው እግር ቀን ላይ ጠጠር ሲረግጥ ላይሰማው ይችላል። ይህ ለታማሚው ግራ የሚያጋባ፣ ለቤተሰቡም «ያስመስላል» የሚያሰኝ ነገር ቢሆንም የበሽታው እውነተኛ ጠባይ ነው። እንዲሁም ለዓመታት ሲያቃጥለው የኖረ እግር፣ አዲስ መድኃኒት ሳይጀመርና ስኳሩም ሳይስተካከል በራሱ ጊዜ ዝም ካለ፣ ዳነ ብሎ ከመደሰት በፊት ማስመርመር ይገባል።

እርምጃ 1፦ ሕመሙን በጽሑፍ መያዝ

ሐኪም ፊት ቀርቦ «እግሬን ያመኛል» ማለት ብቻውን ብዙም አይረዳም፤ የመገጣጠሚያ ሕመምም፣ የደም ሥር መጥበብም፣ የነርቭ ጉዳትም በዚያው ቃል ይነገራሉና። ስለዚህ ከቀጠሮዎ በፊት ለአንድ ሳምንት ያህል፣ ማታ ማታ፣ የሚያመውን ቦታ፣ የሕመሙን ዓይነት፣ የተሰማዎትን ሰዓትና ክብደቱን ከ10 ምን ያህል እንደሆነ ይጻፉ። ስኳርዎን በቤት የሚለኩ ከሆነ ቁጥሩን ከጎኑ ያስፍሩ። ለምሳሌ የአንድ ቀን ማስታወሻ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ማክሰኞ። ሁለቱም እግር፣ ጣቶችና ውስጥ እግር። ማቃጠል፤ አልፎ አልፎ እንደ ኤሌክትሪክ መንዘር። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት። ከ10 ሰባት። አንሶላው ሲነካኝ ይብሳል። ጠዋት በባዶ ሆድ ስኳር 212።»

ከእንዲህ ያለ ማስታወሻ ሐኪሙ ብዙ ያነባል። የነርቭ ሕመም ዕረፍት ላይ ሳሉ፣ በተለይም ሌሊት የሚብስ ነው። ሲራመዱ ባትዎን ጭምድድ አድርጎ ይዞ፣ ቆም ሲሉ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የሚለቅ ሕመም ግን ወደ እግር የሚሄደው የደም ሥር መጥበቡን የሚጠቁም ሲሆን ምርመራውም ሕክምናውም የተለየ ነው። በአንድ እግር ብቻ ከወገብ ጀምሮ ወደ ታች የሚወርድ ሕመም ደግሞ የአከርካሪ ጉዳይ ሊሆን ይችላል።

ማስታወሻው ሌላም ጥቅም አለው። መድኃኒት ከተጀመረ በኋላ ሕመሙ ከሰባት ወደ አራት መውረዱን በቁጥር ካላዩት፣ ዛሬም ስላመመዎት ብቻ መድኃኒቱ ምንም እንዳልሠራ ሊመስልዎት ይችላል።

እርምጃ 2፦ የእግርን ስሜት በቤት መፈተሽ

ይህ ፍተሻ መሣሪያ አይጠይቅም፤ አንድ የቤተሰብ አባል ብቻ ይበቃል። ታማሚው ካልሲውን አውልቆ፣ እግሩን ዘርግቶ ይጋደምና ዓይኑን ይጨፍን። ፈታሹ በመጀመሪያ ቀኙንና ግራውን እግር በእጁ እየነካ «ይህ ቀኝ ነው፣ ይህ ግራ ነው» ብሎ ያስለምደው። ከዚያም በሌባ ጣቱ ጫፍ የእግር ጣቶቹን ጫፍ በስሱ፣ ለአንድ ወይም ለሁለት ሰከንድ ብቻ ይንካ። ቅደም ተከተሉ የቀኝ አውራ ጣት፣ የቀኝ ትንሿ ጣት፣ የግራ አውራ ጣት፣ የግራ ትንሿ ጣት፣ የቀኝ መካከለኛ ጣት፣ በመጨረሻም የግራ መካከለኛ ጣት ነው። ታማሚው በተሰማው ቁጥር «ቀኝ» ወይም «ግራ» ይበል።

ፈታሹ መጫን፣ መኮርኮር፣ መታ መታ ማድረግ ወይም «አሁንስ?» እያለ መጠየቅ የለበትም፤ ጥያቄው ራሱ መልሱን ይጠቁማልና። አንዴ ያልተሰማ ጣትም ሁለተኛ አይነካም፤ እንዳልተሰማ ይመዘገባል። ከስድስቱ ነጥቦች ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ካልተሰሙ የእግሩ ስሜት ቀንሷል ማለት ስለሆነ፣ ምንም ሕመም ባይኖር እንኳ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ለሐኪም ማሳወቅ ይገባል።

በጤና ተቋም የሚደረገው ምርመራ ከዚህ ይሰፋል። 10 ግራም የሚጫን ቀጭን የናይለን ክር ውስጥ እግርን ያስነካሉ፤ 128 ኸርዝ የሚርገበገብ የብረት ሹካ አውራ ጣት ላይ ያሳርፋሉ፤ የቁርጭምጭሚትን ምላሽ በመዶሻ ይፈትሻሉ፤ የእግርን የደም ትርታ በጣት ይዳስሳሉ። ዓይነት 2 ስኳር ያለበት ሰው በሽታው ከመታወቁ በፊት ለዓመታት በሰውነቱ ውስጥ ሊቆይ ስለሚችል ይህ ምርመራ የሚያስፈልገው ስኳር እንዳለበት ከታወቀበት ዕለት ጀምሮ በየዓመቱ ነው፤ ዓይነት 1 ያለበት ደግሞ በሽታው ከታወቀ ከ5 ዓመት በኋላ ይጀምራል። ክሩ በሌለበት ጤና ጣቢያ ከላይ ያለውን የጣት ፍተሻ ነርሷ በአንድ ደቂቃ ልትሠራው ስለምትችል መጠየቅ አያሳፍርም።

እርምጃ 3፦ ሌላ መንስኤ አለመኖሩን ማረጋገጥ

ስኳር ያለበት ሰው እግሩን ሲያቃጥለው ሁሉም ነገር በስኳር ይሳበባል፤ እዚህ ላይ ግን መቸኮል ጉዳት አለው። ከሁሉ በፊት መታየት ያለበት የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ነው። ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር መድኃኒት ለዓመታት የወሰደ ሰው ሰውነቱ ይህን ቫይታሚን በሚገባ ላይቀበለው ይችላል፤ ቢ12 ደግሞ በተፈጥሮ የሚገኘው ከሥጋ፣ ከጉበት፣ ከዓሣ፣ ከእንቁላልና ከወተት ነው። ጉበት ለዓመታት የሚበቃ ክምችት ስለሚይዝ ጾም ብቻውን በቶሎ አያጎድለውም፤ ነገር ግን አጽዋማቱን ሁሉ የሚጾም፣ በፍስክ ጊዜም የእንስሳት ተዋጽኦ ብዙም የማያገኝ፣ በዚያ ላይ ሜትፎርሚን የሚወስድ ሰው የደም ምርመራውን ማሠራት ይኖርበታል። እጥረቱ ከተገኘ ሕክምናው ቀላልና ርካሽ ነው፤ ካልታከመ ግን በስኳሩ ላይ ሌላ የነርቭ ጉዳት ይጨምራል።

ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው አይሶናያዚድ የተባለ መድኃኒትም ነርቭ ይጎዳል፤ ቫይታሚን ቢ6 አብሮ የሚሰጠውም ለዚህ ነው። የታይሮይድ እጢ መድከም፣ የኩላሊት በሽታ፣ ኤችአይቪና የቆየ የአልኮል መጠጥም ተመሳሳይ ሕመም ያመጣሉ። በእኛ አገር ሐኪም ሊረሳው የማይገባ ሌላም አለ፤ ቆዳ ላይ ነጣ ወይም ቀላ ብሎ ስሜት የሌለው ምልክት ከታየ የሥጋ ደዌ መመርመር አለበት።

እርምጃ 4፦ ስኳሩን ማስተካከል፣ ግን በእርጋታ

ምንም ዓይነት ማስታገሻ ቢወሰድ ስኳሩ ከፍ እንዳለ ከቀጠለ ጉዳቱ ይቀጥላል። በአሜሪካና በካናዳ ዓይነት 1 ስኳር ባለባቸው 1,441 ሰዎች ላይ ተካሂዶ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1993 የታተመው ትልቅ ጥናት፣ ስኳርን አጥብቆ መቆጣጠር የነርቭ ጉዳትን በ60 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። ዓይነት 2 ላይ ጥቅሙ የዚህን ያህል ጎልቶ አይታይም፤ እዚያ የደም ግፊት፣ የደም ስብ፣ የሰውነት ክብደትና ሲጋራ ከስኳሩ እኩል ትኩረት ይሻሉ።

ብዙ ሐኪሞች የሚያልሙት ኤችቢኤዋንሲ የሚባለውን፣ ያለፉትን ሦስት ወራት አማካይ የሚያሳየውን ልኬት ወደ 7 በመቶ አካባቢ ማውረድ ነው። ለአረጋውያንና ስኳራቸው በድንገት እየወረደ ለሚያስቸግራቸው ሰዎች እስከ 8 በመቶ ድረስ ሊፈቀድ ይችላል።

ከዚህ ጋር ብዙ ሰው ያልሰማው አንድ ነገር መነገር አለበት። ለረጅም ጊዜ በጣም ከፍ ብሎ የኖረ ስኳር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በፍጥነት ከወረደ፣ በተለይም ኤችቢኤዋንሲ በሦስት ወር ውስጥ ከ2 ነጥብ በላይ ከቀነሰ፣ ከዚህ በፊት ያልነበረ ኃይለኛ የነርቭ ሕመም ሊቀሰቀስ ይችላል። ኢንሱሊን የጀመረ ሰው «መርፌው እግሬን አቃጠለው» ብሎ የሚያቋርጠው አንዳንድ ጊዜ በዚህ ሳቢያ ነው። ሕመሙ በአብዛኛው በወራት ውስጥ እየቀለለ ይሄዳል፤ መፍትሔውም ለሐኪሙ ነግሮ ማስታገሻ መጨመርና አወራረዱን ማለዘብ እንጂ ኢንሱሊኑን መጣል አይደለም።

ስለ ምግብ ረጅም ትምህርት እዚህ አልሰጥም። እንጀራውን ከመተው ይልቅ መጠኑን መቀነስና ከጎመን፣ ከምስርና ከሌላም ጥራጥሬ ወጥ ጋር መመገብ፣ ሻዩንና ቡናውን ያለ ስኳር መልመድ፣ ለስላሳ መጠጦችን መተው ለአብዛኛው ሰው ትልቁን ሥራ ይሠራል። ጠላም ሆነ አረቄ ነርቭን በራሱ ስለሚጎዳ እግሩ የሚያቃጥለው ሰው ቢቀርበት ይሻላል። ጾም የሚይዝ ሰው ደግሞ ጾሙ ከመግባቱ በፊት የመድኃኒቱን ሰዓትና መጠን ከሐኪሙ ጋር ይነጋገር።

እርምጃ 5፦ የሕመሙን መድኃኒት በአግባቡ መውሰድ

በዚህ ክፍል ላይ ረዘም ብዬ የምቆየው፣ እንደማየው አብዛኛው ሰው ማስታገሻ አልሠራልኝም የሚለው ለነርቭ ሕመም የማይሆን መድኃኒት በመውሰዱ ወይም የሚሆነውን መድኃኒት ጊዜ ሳይሰጠው በማቆሙ በመሆኑ ነው።

ፓራሲታሞል፣ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ለነርቭ ሕመም እምብዛም አይጠቅሙም። ከዚህም በላይ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ለወራት ሲወሰዱ፣ ስኳሩ አስቀድሞ ሊያዳክመው የሚችለውን ኩላሊት ይጎዳሉ። እግሩን ባቃጠለው ቁጥር ዳይክሎፌናክ መርፌ የሚወጋ ሰው አንዱን ሕመም ሳያስታግስ ሌላውን እየጋበዘ ነው። ትራማዶልም ሱስ ስለሚያስይዝ የመጀመሪያ ምርጫ አይደለም።

ለነርቭ ሕመም የተፈተኑት መድኃኒቶች በመሠረቱ ለሌላ በሽታ የተሠሩ ናቸው። አሚትሪፕቲሊንና ዱሎክሰቲን የድብርት መድኃኒቶች ሲሆኑ፣ ጋባፔንቲንና ፕሪጋባሊን የሚጥል በሽታን ለመቆጣጠር የሚሰጡ ናቸው። ከማሸጊያው ውስጥ ያለውን ወረቀት አንብቦ ወይም ከጎረቤት ሰምቶ «የአእምሮ መድኃኒት ሰጡኝ» ብሎ ቅር የሚሰኝ ታማሚ ብዙ ነው። መድኃኒቶቹ የተሰጡት ግን የሕመም መልእክት በነርቭና በአከርካሪ አጥንት ውስጥ የሚተላለፍበትን መንገድ ስለሚያረጋጉ ነው፤ ድብርት በሌለበትም ሰው ላይ ለሕመሙ ይሠራሉ።

አሚትሪፕቲሊን ከመኝታ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት በፊት፣ በ10 ወይም በ25 ሚሊ ግራም ተጀምሮ ቀስ እያለ ይጨመራል። እንቅልፍ ስለሚያመጣ ሌሊት ለሚያመው ሰው ይህ ጠባዩ ራሱ ጥቅም ነው። አፍ ያደርቃል፣ ሆድ ያደርቃል፣ ከመኝታ ሲነሡም ያዞራል። የልብ ምት ችግር፣ ግላኮማ ወይም ሽንት የሚከለክል የፕሮስቴት እብጠት ያለበት ሰው ይህንን ሳይናገር መጀመር የለበትም፤ አረጋውያንም ሌሊት ተነሥተው እንዳይወድቁ ጥንቃቄ ያሻቸዋል። ዱሎክሰቲን በ30 ሚሊ ግራም ተጀምሮ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሳምንት በኋላ ወደ 60 ያድጋል፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያቅለሸልሻል፣ ከምግብ ጋር ሲወሰድ ግን ይቀላል፤ የጉበት ሕመም ላለበትና ብዙ ለሚጠጣ ሰው አይሆንም። ፕሪጋባሊን በአብዛኛው 75 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ፣ ጋባፔንቲን ደግሞ ማታ 300 ሚሊ ግራም ተብሎ ይጀመራሉ፤ ጋባፔንቲን ቀስ በቀስ ጨምሮ በቀን ሦስት ጊዜ የሚወሰድ ይሆናል። ሁለቱም ያዞራሉ፣ እንቅልፍ ያመጣሉ፣ እግር ያሳብጣሉ፣ ክብደትም ይጨምራሉ፤ ከሰውነት የሚወጡት በኩላሊት ስለሆነ ኩላሊቱ የደከመ ሰው መጠኑ ሊቀነስለት የግድ ነው።

ከእነዚህ የትኛው ይበልጣል ለሚለው ጥያቄ ጥሩ መልስ የሰጠው እ.ኤ.አ. በ2022 በእንግሊዝ በ130 ታማሚዎች ላይ የወጣው ጥናት ነው። በአሚትሪፕቲሊን፣ በዱሎክሰቲን ወይም በፕሪጋባሊን መጀመር ሕመምን በመቀነስ ረገድ ተቀራራቢ ውጤት ሰጥቷል፤ አንዱ ብቻውን ያልበቃው ሰው ሁለተኛ ሲጨመርለት ተጨማሪ እፎይታ አግኝቷል። ይህ ማለት ርካሹና በየመድኃኒት ቤቱ የሚገኘው አሚትሪፕቲሊን የድሃ መድኃኒት አይደለም ማለት ነው፤ ከውጭ አገር ዘመድ ውድ መድኃኒት እስኪልክ ድረስ ሕመምን ታግሶ መጠበቅ አያስፈልግም።

ከመድኃኒቱ ምን መጠበቅ እንዳለበት አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል። ሕመሙ በግማሽ ወይም በሲሶ ከቀነሰና እንቅልፍ ከተመለሰ ሕክምናው ሠርቷል ይባላል፤ ሙሉ በሙሉ የሚጠፋላቸው ጥቂቶች ናቸው። ውጤቱም በሁለት ቀን አይታይም። በሚበቃው መጠን ላይ ከደረሱ በኋላ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ሳይሞክሩ አልሠራም ማለት አይቻልም። ሲቆምም በሐኪም ምክር ቀስ በቀስ ተቀንሶ እንጂ በአንድ ጊዜ አይቋረጥም።

«የነርቭ መርፌ» እየተባለ የሚወጋው የቢ ቫይታሚን ድብልቅ እጥረት ለሌለው ሰው ይህን ሕመም ስለማስታገሱ በቂ ማስረጃ የለም፤ ቢ6ን በብዛት ለረጅም ጊዜ መውሰድ ራሱ ነርቭ ይጎዳል። ከቃሪያና ከሚጥሚጣ የሚያቃጥለው ንጥረ ነገር የሚሠራው ካፕሳይሲን የተባለ ቅባት ግን በትክክል ተፈትኖ ጥቅም የተገኘበት ነው፤ ቁስል በሌለው ቆዳ ላይ በቀን ሦስት ወይም አራት ጊዜ ይቀባል፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ማቃጠሉ ይጠበቃል፣ ከተቀቡም በኋላ እጅ በደንብ ይታጠባል። ይህን ሰምቶ በርበሬ በዘይት ለውሶ እግር መቀባት ግን ቆዳን ማቁሰል ነው።

እርምጃ 6፦ ሌሊቱን ማቅለል

ሕመሙ የሚብሰው ሌሊት ስለሆነ መኝታው ላይ የሚደረጉ ትንንሽ ለውጦች ያግዛሉ። አንሶላና ብርድ ልብስ እግር ላይ እንዳያርፍ በግርጌ በኩል ትራስ ወይም የካርቶን ሣጥን አቁሞ ልብሱን በላዩ መዘርጋት፣ ስፌቱ የማይቆረቁር ሰፋ ያለ የጥጥ ካልሲ ማድረግ፣ ቀን ላይ ደግሞ ቁስል እስከሌለ ድረስ በጥሩ ጫማ መራመድ ይጠቅማል። በሳምንት 150 ደቂቃ ያህል መራመድ ስኳሩንም እንቅልፉንም ይረዳል።

የተለመዱት ሁለት የቤት ማስታገሻዎች ግን ሊቀሩ ይገባል። አንደኛው እግርን በሙቅ የጨው ውኃ መዘፍዘፍ ነው፤ ስሜት የሌለው እግር የውኃውን ግለት አይለይም፣ መዘፍዘፉም ቆዳውን አድርቆ ይሰነጥቀዋል። ሁለተኛው ከከሰል ማንደጃ አጠገብ እግር ዘርግቶ መሞቅ ነው። ቡና እስኪፈላ ተብሎ እግር ወደ ማንደጃው ተጠግቶ፣ ወሬው ሲደራ ቆዳው ሲላጥ ያልተሰማው ሰው ቃጠሎውን የሚያየው ማታ ካልሲውን ሲያወልቅ ነው። የሞቀ ውኃ የያዘ የጎማ ከረጢትም ከዚሁ ይቆጠራል። እግር ከበረደ ካልሲና ጋቢ ይበቃሉ።

እርምጃ 7፦ እግርን በየቀኑ መጠበቅ

አንድ ቋሚ ሰዓት ይምረጡ፤ ማታ ከመኝታ በፊት ይመቻል። እግርዎን ለብ ባለ ውኃና በሳሙና ይታጠቡ፤ የውኃውን ሙቀት በእግር ሳይሆን በክርን ወይም በሌላ ሰው እጅ ይለኩ። ከታጠቡ በኋላ ዋናው ሥራ ማድረቅ ነው፤ በንጹሕ ጨርቅ በእያንዳንዱ ጣት መካከል ገብተው ያድርቁ። ለሶላት በቀን አምስት ጊዜ ውዱእ የሚያደርግ ሰው እግሩን በየጊዜው እርጥብ እንደሆነ ካልሲ ውስጥ ካስገባው በጣቶቹ መካከል ፈንገስ ይበቅላል፣ ቆዳውም ይሰነጠቃል፤ ትንሽ ፎጣ በኪስ መያዝ ይህን ይከላከላል።

ከዚያ በጥሩ ብርሃን ሥር ይመልከቱ። ውስጥ እግርዎን ማየት ካልቻሉ መስተዋት ወለል ላይ አስቀምጠው እግርዎን በላዩ ያንሡ፣ ዓይንዎ ከደከመ ልጅ ወይም የትዳር ጓደኛ ይይልዎ። የሚፈለገው መላጥ፣ ውኃ መቋጠር፣ መቅላት፣ የተረከዝ ንቃቃት፣ የደደረ ቆዳ፣ የጥፍር ጥግ ማበጥ ወይም ካልሲ ላይ የቀረ የእርጥበት ምልክት ነው። በእጅዎ ጀርባም ሁለቱን እግሮች ያነጻጽሩ፤ አንዱ ከሌላው ይልቅ የሚሞቅ ከሆነ ልብ ይበሉ። ለድርቀቱ ቫዝሊን ጫማ በሚነካው ገጽና በተረከዝ ላይ ይቀቡ፤ በጣቶች መካከል ግን አይቀቡ።

ጥፍር ቀጥ ብሎ ይቆረጣል፣ ጥጉ ወደ ውስጥ አይቆፈርም። የደደረ ቆዳን በምላጭ መላጥ ወይም በአሲድ መድኃኒት ማቃጠል ክልክል ነው፤ ከሥሩ ቁስል ተደብቆ ሊሆን ስለሚችል የጤና ባለሙያ ያንሣው።

ጫማን በተመለከተ፣ በቤት ውስጥም ቢሆን በባዶ እግር አለመሄድ የመጀመሪያው ሕግ ነው። ጫማ ከማድረግዎ በፊት ገልብጠው ያራግፉት፣ እጅዎንም አስገብተው ውስጡን ይዳስሱ፤ ከቆሎ ሳህን የወደቀች አንዲት የሽምብራ ፍሬ ጫማ ውስጥ ገብታ ቀኑን ሙሉ ስትረገጥ ብትውል፣ ስሜት ላለው ሰው መቆርቆር፣ ለሌለው ሰው ቁስል ናት። አዲስ ጫማ ሲገዙ እግር አበጥ በሚልበት ከሰዓት በኋላ ይሂዱ። ሲለኩት «አልጠበበኝም» በሚለው ስሜትዎ አይተማመኑ፤ ቤት ውስጥ በወረቀት ላይ ቆመው የእግርዎን ቅርጽ አስነድፈው ቆርጠው ይያዙ፣ ወረቀቱ ሳይታጠፍ ጫማው ውስጥ ካልተኛ ጫማው ጠባብ ነው። ኮንጎና በጣት መካከል የሚገባ ነጠላ ጫማ ለዚህ እግር አይሆኑም። አዲሱን ጫማ በመጀመሪያው ቀን አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ብቻ ያድርጉና እግርዎን ይዩ።

ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ጫማ የሚወልቅባቸው ቦታዎች ስለሆኑ ወፍራም ካልሲ ይዞ መሄድ ያስፈልጋል። በበዓላት ረጅም ሰዓት በድንጋይ ንጣፍ ላይ የሚቆም ሰው፣ ቀትር ላይ ንጣፉ በፀሐይ እንደሚግልና እግሩ ላይነግረው እንደሚችል ያስብ።

እርምጃ 8፦ ወዲያው ሐኪም ቤት የሚያስኬዱ ምልክቶች

እግር ላይ የወጣ ማንኛውም ቁስል ባያምም በ24 ሰዓት ውስጥ መታየት አለበት። መግል፣ መጥፎ ሽታ፣ እየሰፋ የሚሄድ መቅላት፣ ትኩሳት ወይም የጠቆረ ጣት ካለ ሌሊትም ቢሆን ይሂዱ፤ ጠበል የሚጠመቅ ሰውም ጠበሉን ከሐኪሙ ጋር አብሮ ይያዝ፣ ቁስሉን ግን በየቀኑ ማርጠብ ይቅርበት። ቁስል ሳይኖር አንድ እግር ቀልቶ፣ ሞቆና አብጦ ብዙም ካላመመ፣ የእግር አጥንቶች በስውር እየተሰባበሩ ሊሆን ይችላል፤ ይህን እንደ ወለምታ ቆጥሮ ማሳሸት አጥንቱን ይባስ ያፈርሰዋል። እግሩ ላይ ሳይቆሙ መሄድና ራጅ መነሣት ያስፈልጋል። በቀናት ውስጥ የመጣ የእግር መዛል ወይም ሽንትን መቆጣጠር አለመቻልም ከተለመደው የስኳር ነርቭ ሕመም ውጭ ስለሆነ አስቸኳይ ነው።

የስኳር ጉዳት የውስጥ አካላትን የሚመሩ ነርቮችንም ይነካል። ሲነሡ ዓይን መጨለም፣ ትንሽ በልቶ ቶሎ መጥገብና ማስመለስ፣ የሽንት ማስቸገር፣ ለወንዶች የብልት መድከም፣ ስኳር ሲወርድ የሚያስጠነቅቀው መንቀጥቀጥና ማላብ መጥፋት ከዚህ ሊመጡ ይችላሉ። ብዙዎች፣ በተለይም የመጨረሻዎቹን ሁለቱን፣ ለሐኪም አይናገሩም፤ የስኳር መውረድ ምልክት የጠፋበት ሰው ግን መኪና እየነዳ ወይም ተኝቶ ሳለ ሳያውቀው ራሱን ሊስት ይችላል።

ለቀጠሮ ሲሄዱ

የሕመም ደብተርዎን፣ የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ሁሉ ከነማሸጊያቸው፣ ከውጭ አገር የተላኩትንና የባህል መድኃኒቱንም ጭምር ይያዙ። የኤችቢኤዋንሲ፣ የኩላሊትና የቢ12 ምርመራ መጨረሻ የተሠራበትን ቀን ይጠይቁ፣ ካልተሠራ ይታዘዝልዎ። በተጨናነቀ ክሊኒክ ውስጥ የስኳር ቁጥር ታይቶ፣ መድኃኒት ተጽፎ፣ እግር ሳይታይ መሸኘት የተለመደ ነገር ነው። ስለዚህ ተራዎ ደርሶ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጡ፣ ሐኪሙ እስኪጠይቅ ሳይጠብቁ ሁለቱንም ጫማና ሁለቱንም ካልሲ ያውልቁ።